«የሥጋ ናቸው» የተባሉት 120 ጫጩቶች

ጋሼ ሲደውሉ ሰላምታቸው ረጅም ነው። የእኔን ጤና፣ የባለቤቴን ጤና፣ የልጆቹን ትምህርት ጠይቀው ሳይጨርሱ ወደ ጉዳይ አይገቡም። ያን ቀን ግን ገና «ሃሎ» ስል «አንተ ልጅ፣ ጫጩቶቼ አላድግ አሉኝ» አሉ።

ጋሼ ሁለተኛ ደረጃ ስማር የሒሳብ አስተማሪዬ ነበሩ። አሁን ጡረታ ወጥተው ደብረ ብርሃን ይኖራሉ። ግቢያቸው ውስጥ ድሮ ልጆቻቸው ያጠኑባት የነበረች ክፍል አለች። እሷን አጽድተው፣ ሰጋቱራ አንጥፈው ዶሮ ማርባት ጀመሩ። እኔ ደግሞ ኑሮዬ ከዶሮ ጋር ነው። አዲስ አበባ ዳር ላይ አረባለሁ፤ ለሚጀምሩ ሰዎችም የማውቀውን አካፍላለሁ። ይህን የምጽፈው በእሳቸው ፈቃድ ነው። እንዲህ ዓይነት ስልክ ከሌሎችም ሰዎች ስለሚደርሰኝ ጉዳዩን ከመነሻው እስከ መድረሻው ላስቀምጠው ፈለግኩ።

ዕቅዳቸው ቀላል ነበር። የ2017 ፋሲካ ሚያዝያ 12 ቀን ነው። ከዚያ ስድስት ሳምንት ወደ ኋላ ቆጠሩ። የካቲት 29 ቅዳሜ ዕለት የአንድ ቀን ጫጩት 120 ገዙ። ሻጩ ከሌላ ከተማ ጫጩት እያመጣ የሚያከፋፍል ሰው ነው። «የሥጋ ነው ጋሼ፤ በ45 ቀን 2 ኪሎ ይገባል» አላቸው። ዋጋው እሳቸው ከሚያውቁት የብሮይለር (ለሥጋ ተብሎ የተዳቀለ፣ ቶሎ የሚያድግ ዶሮ) ጫጩት ዋጋ ግማሽ ያህል ነበር። ጫጩቶቹ ቢጫ፣ ድፍን ያሉ፣ የሚያምሩ ናቸው። የብሮይለር ጫጩትም ቢጫ ነው። ስለዚህ የሚያጠራጥር ነገር አልታያቸውም። ለ15 ጎረቤቶችም «የፋሲካ ዶሮ ከእኔ ነው» ብለው ቃል ሰጡ።

መጀመሪያ የደወሉልኝ ጫጩቶቹ ሁለት ሳምንት ሲሞላቸው ነው። እኔም ያለ ብዙ ማሰብ «ብርድ ነው» አልኳቸው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሌሊቱ ይቆረጥማል። ጫጩት ሲበርደው የበላውን ለማደግ ሳይሆን ለመሞቅ ይጠቀምበታል። ምክሬ በራሱ ስሕተት አልነበረም፤ ግን ሳላይ፣ ሳልመዝን ነው የተናገርኩት። እሳቸው አመኑኝ። ከሰል ጨመሩ፣ መስኮቱን በማዳበሪያ ሸፈኑ፣ ሌሊት ሁለት ጊዜ እየተነሱ ማሞቂያውን አዩ። አንድ ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጡ። ያ እስካሁን ይከነክነኛል።

በዚያው ሳምንት ለውጥ ሲያጡ ወደ እንስሳት መድኃኒት ቤት ሄዱ። እዚያ «ኮክሲዲያ ይሆናል» (የጫጩት አንጀት የሚያጠቃ በሽታ ነው) ተብለው የሚበጠበጥ መድኃኒት ተሰጣቸው። እሱ ሲያልቅ አንቲባዮቲክ ቀጠሉ። ቪታሚንም ጨመሩ። መጋቢት 20 ቀን፣ ጫጩቶቹ 21 ቀን ሲሞላቸው፣ የማለዳ አውቶቡስ ይዤ ሄድኩ።

በሩን ሲከፍቱልኝ ጫጩቶቹ በአንድ ጊዜ ተነሥተው ወደ ጥግ በረሩ። መሮጥ ማለቴ አይደለም፤ በረሩ። አንዱ የውኃ መጠጫው ጫፍ ላይ ወጥቶ ቆመ። ሌላው መመገቢያው የተንጠለጠለበት ገመድ ላይ ለመቆም ይታገላል። እዚያው በር ላይ ቆሜ ነገሩ ገባኝ።

ብሮይለር በ21 ቀኑ እንዲህ አያደርግም። የዚያ ዕድሜ ብሮይለር መመገቢያው ሥር ተኝቶ ይበላል። ሰው ሲገባ ቀስ ብሎ ይነሣል፣ ሁለት እርምጃ ይራመዳል፣ መልሶ ይተኛል። እግሮቹ ወፍራምና የተራራቁ ናቸው። ሆዱ ላይ ላባው ሳስቶ ቀይ ቆዳው ይታያል፤ ሥጋው ከላባው ቀድሞ ያድጋል። እነዚህ ግን ከአንገታቸው እስከ ጅራታቸው በደንብ ላባ ለብሰዋል። የክንፋቸው ላባ ረዝሞ ጅራታቸው ጋ ሊደርስ ነው። እግራቸው ቀጭን ነው። ዓይናቸው ንቁ ነው።

ሆኖም የሚታየውን ብቻ አምኜ ሌላ ስሕተት መሥራት አልፈለግኩም። አንድ ጊዜ ሳልመዝን ተናግሬያለሁና።

«ጋሼ፣ ሚዛን አለ?»

«ሚዛን የለኝም። ባለ ሱቁ ግን አለው።»

ልጅ ልከው የሱቁን ሚዛን አስመጡ። አሥር ጫጩት እንደ መጣ ይዘን፣ ሳንመርጥ፣ በዘንቢል አድርገን መዘንን። የዘንቢሉን ክብደት ቀነስን። 2 ኪሎ ከ50 ግራም። በነፍስ ወከፍ 205 ግራም ማለት ነው። ከዚያ አንድ በአንድ መዘንናቸው። ትንሹ 180፣ ትልቁ 230 ግራም።

እነዚህ ቁጥሮች ብዙ ነገር ይናገራሉ። እንደ ኮብ 500 ወይም ሮስ 308 ያለ ብሮይለር በጥሩ አያያዝ በ21 ቀኑ ከ900 ግራም በላይ ይመዝናል። 200 ግራምን የሚያልፈው ገና አንድ ሳምንት እንደ ሞላው አካባቢ ነው። የጋሼ ጫጩቶች በሦስት ሳምንት የደረሱት ብሮይለር በአንድ ሳምንት የሚደርስበት ላይ ነው። ብርድም፣ የመኖ ጉድለትም፣ በሽታም እድገትን ይቀንሳሉ። ግን እንዲህ አራት እጥፍ ወደ ኋላ የቀረ መንጋ የታመመ ሆኖ እየበረረ ገመድ ላይ አይወጣም።

ሁለተኛው ማስረጃ ከጋሼ ደብተር ተገኘ። አስተማሪ አስተማሪ ነው። ባለ መስመር ደብተር ላይ ቀን፣ የተሰጠ መኖ፣ የሞተ፣ የታየ ነገር እያሉ አራት ዓምድ ሠርተዋል። በ21 ቀን ውስጥ የሞቱት 4 ብቻ ናቸው፤ አራቱም በመጀመሪያው ሳምንት። መኖውን ስደምር 43 ኪሎ መጣ። ባለ 50 ኪሎው ጆንያ ገና አላለቀም ነበር።

ብሮይለር በሦስት ሳምንት በነፍስ ወከፍ ከ1 ኪሎ በላይ መኖ ይበላል። 116 ብሮይለር ቢሆኑ ኖሮ ከኩንታል በላይ ሊበሉ ይገባ ነበር። ጋሼ መኖው ሳያልቅባቸው ሲቆይ «ቆጣቢ ዘር ነው» ብለው ተደስተው እንደ ነበር ነገሩኝ።

ሦስተኛው የክብደታቸው መመሳሰል ነው። ኮክሲዲያ የገባበት መንጋ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ኩርምት ያለ ይሆናል። ኩሱ ላይ ደም ይታያል። እነዚህ ሁሉም ልክ እንደ መንታ ናቸው። ሰጋቱራው ደረቅ ነው፣ ኩሱ ደህና ነው። በበሽታ የመጣ መቀጨጭ ሁሉንም እኩል አያቀጭጭም።

ስለዚህ ጫጩቶቹ ጤነኞች ናቸው። ያደጉትም እንደ ዘራቸው ነው። የቀረው ጥያቄ ዘራቸው ምንድን ነው የሚለው ሆነ።

ባለቤታቸው እትዬ ቡና እያፈሉ ነበር። እኛ አንድ ጫጩት ይዘን ደጅ ላይ፣ ፀሐይ ላይ ተቀመጥን። እያንዳንዱን አማራጭ እያነሣን እንጥል ጀመር።

የሐበሻ ዶሮ አይደሉም። የሐበሻ ጫጩት አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቡናማ፣ አንዱ ጀርባው ላይ መስመር ያለው ሆኖ ነው የሚፈለፈለው። ከአንድ እናት ሥር እንኳ አንድ ዓይነት መልክ አይወጣም። 120 አንድ ዓይነት ቢጫ ጫጩት ከሐበሻ ዶሮ አይገኝም።

ሳሶም አይደሉም። ሳሶ ከፈረንሳይ የመጣ፣ አሁን በየገጠሩ በ45 ቀኑና በሁለት ወሩ የሚከፋፈለው ዶሮ ነው። አብዛኛው ቀላ ያለ ቡናማ ላባ ያወጣል። አንዳንዱ አንገቱ ላይ ላባ የለውም። ኮይኮይም አይደሉም። የደቡብ አፍሪካው ኮይኮይ ጫጩቱ ጥቁር ነው፤ ሲያድግ ገብስማ ይሆናል።

ነጭ ሌግሆርን የሚባለው እንቁላል ጣይ ዘር ቀረ። ይህ አስቸጋሪ ነው። ሌግሆርን ጫጩቱ ቢጫ፣ ዶሮው ነጭ፣ አካሉ ቀጭን፣ ጠባዩ በራሪ ነው። እስካሁን ያልኩት ሁሉ ሌግሆርንንም ይገልጻል። እሱን ቡናማ እንቁላል ከሚጥሉት ዘሮች የሚለየው ሁለት ነገር አለ። የመጀመሪያው ከጆሮው ቀዳዳ ሥር ያለችው ትንሽ ሥጋ ናት። ሌግሆርን ላይ ነጭ ናት። ቡናማ እንቁላል የሚጥሉት ዘሮች ላይ ቀይ ናት። በሦስት ሳምንት ዕድሜ ገና ትንሽ ስለ ሆነች በእርግጠኝነት መናገር ይከብዳል፤ የያዝኩት ጫጩት ላይ ግን ወደ ቀይ የምታደላ መሰለኝ።

ሁለተኛው ላባው ላይ ነው። ጫጩቱን ወደ ፀሐይ አዙሬ የክንፉን ላባ በጣቴ ገለጥኩት። ከሩቅ ንጹሕ ነጭ የሚመስለው ትከሻው ላይ ሦስት ትናንሽ ላባዎች ጫፋቸው ቀላ ብሏል፤ ሻይ የነካው ጨርቅ ይመስላል። ሌላ አምጥተን አየን። እሱም ላይ አለ። አምስተኛው ላይ ጀርባው ድረስ ወርዷል። ሌግሆርን ላይ እንዲህ ያለ ቀይ ጠብታ አይኖርም።

«ጋሼ፣ እነዚህ የእንቁላል ጣይ ዶሮ ወንድሞች ናቸው» አልኳቸው።

ዝም አሉ። ከዚያ «ወንድሞች ስትል?» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየሱቁ የምናየውን ቡናማ እንቁላል የሚጥሉት ቦቫንስ ብራውን፣ ሎህማን ብራውን፣ ኢሳ ብራውን የሚባሉት ዶሮዎች ሴቶቹ ቀይ ናቸው። ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ ግን ሴቶቹ ቡናማ፣ ወንዶቹ ቢጫ ሆነው ይወጣሉ። ይህ ሆን ተብሎ የተቀመረ ነው። አባትየው ከቀዩ ሮድ አይላንድ ዓይነት ዘር ነው። እናቲቱ ነጭ ላባ ያላት ናት። ነጭነቷን የሚሰጠው ውርስ የሚቀመጠው ፆታን በሚወስነው ክሮሞዞም ላይ ነው። ዶሮ ላይ ደግሞ ነገሩ ከሰው ይገለበጣል። ሁለት አንድ ዓይነት ክሮሞዞም ያለው ወንዱ ነው፤ ሴቷ ሁለት የተለያዩ አላት። እናት ያንን ነጭነት የያዘውን ክሮሞዞም የምትሰጠው ለወንድ ልጆቿ ብቻ ነው። ሴቶቹ ቀለማቸውን የሚወስዱት ከአባታቸው ነው።

ጋሼ ደብተሩን ከእጄ ወሰዱ። ባዶ ገጽ ገልጠው አራት ቤት ያለው ሠንጠረዥ ሠሩ። አባትን ከላይ፣ እናትን ከጎን አደረጉ። ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ እንደነበረው ነው የሚጽፉት፤ አንድ ሲሞሉ እርሳሱን ያነሣሉ። ጨረሱና ሠንጠረዡን አዩት።

«እንግዲያው አንተ ያልከው ልክ ከሆነ፣ ከ116ቱ አንዲት ሴት አትኖርም።»

«አንዲትም አትኖርም።»

«ብሮይለር ቢሆኑ ግን ግማሹ ሴት ይሆን ነበር።»

«አዎ፤ ብሮይለር ሲሸጥ ወንዱና ሴቱ ተደባልቆ ነው።»

«ጥሩ። ይኼ የሚፈተን ነገር ነው» አሉ።

እኔ አላሰብኩትም ነበር። እውነተኛውን ማረጋገጫ ያገኙት እሳቸው ናቸው። ጥቂት ሳምንት ጠብቀን የሁሉንም ፆታ ብናይ ነገሩ ይለይለታል።

ጫጩቶቹ እንዴት እዚህ ደረሱ የሚለውን ለመረዳት የጫጩት ማስፈልፈያን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። እንቁላል ጣይ ጫጩት የሚያዘው ሰው ሴት ብቻ ነው የሚፈልገው። ከሚፈለፈለው ግማሹ ግን ወንድ ነው። ወንዱ እንቁላል አይጥልም። ለሥጋም እንደ ብሮይለር ቶሎ አይደርስም። በብዙ አገር ወንዶቹ በተፈለፈሉበት ቀን ይገደላሉ። ጀርመን ይህን ከጥር 2022 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምራ በሕግ ከልክላለች። እኛ ዘንድ በርካሽ የሚሸጡበት ጊዜ አለ። በርካሽ መሸጡ በራሱ ነውር የለበትም። ስሙ እስካልተቀየረ ድረስ ለብዙ ሰው የሚጠቅም ዶሮ ነው። ችግሩ የሚመጣው መንገድ ላይ ነው። ከማስፈልፈያው «ወንድ ጫጩት ነው፣ ለሥጋ ይሆናል» ተብሎ የወጣው፣ ሁለት ሰው እጅ ሲያልፍ «የሥጋ ጫጩት ነው» ይሆናል። ከዚያ «በ45 ቀን 2 ኪሎ» ይጨመርበታል። የአንድ ቀን ጫጩት ላይ ሁሉም ቢጫ፣ ሁሉም 40 ግራም ገደማ ነው። ለጀማሪ ዓይን ልዩነቱ አይታይም።

ወደ ሻጩ ደወልን። «እኔም የሥጋ ብለው ነው የሰጡኝ» አለ። የማስፈልፈያ ደረሰኝ ወይም የዘሩ ስም የተጻፈበት ወረቀት እንዳለው ጠየቅነው። የለውም። ሁለተኛ ስንደውል ስልኩ አልተነሣም። ሰውየው ዋሽቶ ይሁን ተዋሽቶ መፍረድ አልችልም። ጋሼም መፍረድ አልፈለጉም።

ያን ቀን ከሁሉ በፊት ያስጨነቃቸው ገንዘቡ አልነበረም። «ልጄ፣ ለ15 ቤት ቃል ሰጥቻለሁ» አሉ። ለፋሲካ ገና ሦስት ሳምንት ቀርቶ ነበር። በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በየቤቱ እየዞሩ «ዶሮዎቼ ለፋሲካ አይደርሱም፤ ከሌላ ቦታ ፈልጉ» ብለው ተናገሩ። ነገሩ የታወቀው በሕማማት ሳምንት ቢሆን ኖሮ ምን ያደርጉ እንደ ነበር ማሰብ ይከብደኛል። 200 ግራም የነበረው ጫጩት ለፋሲካ ግማሽ ኪሎ ቢሆን ነው።

የሚቀጥለው ጥያቄ ምን እናድርጋቸው የሚል ሆነ። መሸጥ ይቻል ነበር፤ ግን «የሥጋ ነው» ብሎ ለሌላ ሰው መሸጥ ጋሼ የማያደርጉት ነገር ነው። «ወንድ የእንቁላል ዘር» ተብሎ ሲሸጥ ደግሞ ለመድኃኒትና ለከሰል የወጣውን አይመልስም። ማሳደግ መረጡ። እዚህ ላይ ነው ዘሩን ማወቅ ሁሉንም ነገር የቀየረው።

መጀመሪያ መድኃኒቱን አስቆምኩ። ጤነኛ ጫጩት አንቲባዮቲክ የሚጠጣበት ምክንያት የለም።

ከዚያ ክትባቱን አየን። ጋሼ በ7ኛው ቀን የፈንግል ክትባት በዓይን ጠብታ ሰጥተዋል። በ14ኛው ቀን ጉምቦሮ የሚባለውን የዶሮ በሽታ ክትባት ሰጥተዋል። የቀረውን ትተውታል፤ በስድስት ሳምንት የሚታረድ ዶሮ ነው ብለው። ልክ ነበሩ፤ ብሮይለር ቢሆን ኖሮ። አራት ወር ተኩል የሚቆይ ዶሮ ግን በአንድ የፈንግል ክትባት አይዘልቅም። ፈንግል ከገባ በጥቂት ቀን ቤቱን ባዶ ሊያደርግ ይችላል። በዚያው ሳምንት ላሶታ የሚባለው የፈንግል ክትባት በውኃ ተሰጣቸው። ክሎሪን የሌለበት የጉድጓድ ውኃ ተጠቀሙ፤ ቶሎ እንዲጠጡትም ቀድመው ለአንድ ሰዓት ተኩል ውኃ ከለከሏቸው። በኋላ የፈንጣጣ ክትባት ክንፋቸው ላይ ተወጋ። ላሶታውም ተደገመ። አንድ ሰው የያዘውን ዘር ሌላ ነው ብሎ ሲሳሳት ከሚከፍለው ዋጋ ሁሉ የከፋው ይህ ይመስለኛል፤ የክትባት ሰሌዳው ለሌላ ዶሮ የተሠራ ይሆንበታል።

መኖውንም ቀየርን። የብሮይለር ስታርተር (የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መኖ) ፕሮቲኑ ከ20 በመቶ በላይ ነው፤ ውድ ነው። ዝግ ብሎ የሚያድግ ዶሮ ያንን ወደ ሥጋ አይለውጠውም። የቀረውን ጆንያ እስኪጨርሱ በሉ። ከዚያ በኋላ የታዳጊ መኖ ተሰጣቸው። ቀስ በቀስ ጋሼ በቆሎ፣ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ከሚገዙት መኖ ጋር መደባለቅ ጀመሩ። ከስምንተኛው ሳምንት በኋላ ቀን ቀን ግቢው ውስጥ ይለቋቸዋል። ብሮይለር ቢለቀቅም ብዙ አይጭርም። እነዚህ የግቢውን ሣር፣ ትሉን፣ የእትዬን ጎመን ሳይቀር ጨረሱት። እትዬ ለጎመናቸው አጥር አሠሩ።

ሚያዝያ 4፣ በ35ኛው ቀን፣ ጋሼ ስልኬ ላይ ቪዲዮ ላኩልኝ። የልጅ ልጃቸው ይቀርጻል፣ እሳቸው አንድ በአንድ እያነሡ ወደ ካሜራው ያዞራሉ። አናታቸው ላይ ያለው ሥጋ ሁሉም ላይ ቀልቷል። ከጆሮ ሥር ያለችው ሥጋም ቀይ ናት። ሌግሆርን የሚለው አማራጭ እዚህ ላይ ተዘጋ። ትከሻቸው ላይ የነበረው ጠብታ ሰፍቷል፤ አንዳንዱ ላይ እንደ ቀይ ሻርፕ ሆኗል። አማካይ ክብደታቸው 400 ግራም ነበር። ቪዲዮው መጨረሻ ላይ የጋሼ ድምፅ ይሰማል፦ «116 ቆጠርኩ። ሴት፣ ዜሮ።»

ቦቫንስ ይሁኑ፣ ሎህማን ወይስ ኢሳ፣ በዓይን መለየት አይቻልም። የሦስቱም ወንዶች ነጭ ናቸው፤ ሦስቱም ቀይ ጠብታ አላቸው። ያንን የሚናገረው የማስፈልፈያው ወረቀት ብቻ ነው። ለአያያዝ ግን ለውጥ የለውም።

ግንቦትና ሰኔ ያለ ችግር አላለፉም። ሦስቱን ጭልፊት ወሰደብን። አራት በተለያየ ምክንያት ሞቱ። በሦስተኛው ወር መጨረሻ መደባደብ ጀመሩ፤ ከመቶ በላይ ወንድ አንድ ግቢ ውስጥ ሲኖር የሚጠበቅ ነው። ጋሼ ክፍሏን በሽቦ ለሁለት ከፈሏት፤ መቆሚያ እንጨትም ጨመሩ። ጩኸቱ ሌላ ነገር ነው። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ አንዱ ሲጀምር ሁሉም ይከተላል። ጎረቤት ታግሷል። ለዚያም ጋሼ እስካሁን ያመሰግናሉ።

የሽያጩን ቀን የወሰነው ጾሙ ነው። የሐዋርያት ጾም የሚፈታው ሐምሌ 5፣ በጴጥሮስ ወጳውሎስ ዕለት ነው። በዚያ ቀን ዶሮዎቹ ልክ 18 ሳምንት ይሞላቸዋል። በዋዜማው ጋሼ አሥሩን መዘኑ። አማካዩ 1 ኪሎ ከ700 ነበር። ከ109ኙ 70ውን በዚያ ሰሞን ሸጡ። 35ቱን ለእንቁጣጣሽ አቆዩ። የቀሩት አራቱ ለቤት ሆኑ። በመጀመሪያ ከተሸጡት ብዙዎቹ የሄዱት ለፋሲካ ቃል ወደ ተገባላቸው ቤቶች ነው።

ደብተሩ እንደሚለው እያንዳንዱ ዶሮ ከግቢው ከለቃቀመው ሌላ 7 ኪሎ ገደማ መኖ በልቷል። ብሮይለር 2 ኪሎ ለመድረስ የሚፈልገው የዚያን ግማሽ ያህል ነው። ስለዚህ የጫጩቱ ርካሽነት መኖው ላይ ተመልሶ ተከፍሏል። የመድኃኒቱና የከሰሉ ወጪ ሲጨመር ትርፍ የሚባል ነገር አልቀረም። ከኪሳቸው ግን አልወጣም። ነገሩን ሳያውቁ የብሮይለር መኖ እየመገቡ እስከ ሐምሌ ቢዘልቁ ኖሮ ኪሳራው ከባድ ይሆን ነበር።

ደግሞ ይህን መናገር አለብኝ። እውነተኛ ብሮይለር ቢሆኑ ኖሮ ደብረ ብርሃን ላይ ሌላ አደጋ ነበር። ከፍታ ቦታ ላይ ኦክስጅን ይሳሳል። በፍጥነት የሚያድግ ብሮይለር ልቡና ሳንባው ከሥጋው ጋር እኩል መሮጥ ያቅታቸዋል። ሆዱ ውስጥ ውኃ ይቋጥርና ይሞታል። ብርድ ያንን ያባብሰዋል። እዚያ ከፍታ ላይ ብሮይለር ማርባት አይቻልም አልልም፤ ግን ለመጀመሪያ ሙከራ የምመክረው ዘር አይደለም። ይህንንም ለጋሼ አስቀድሜ አልነገርኳቸውም ነበር። ዶሮ ሊገዙ መሆኑን ስሰማ ስለ ዘሩ አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቅኩም።

ለሐምሌ 5 ደብረ ብርሃን ጠርተውኝ ነበር። እትዬ ዶሮውን 12 ብልት አውጥተው፣ ሽንኩርቱን ከጠዋት ጀምሮ ሲያቁላሉ ቆይተዋል። የብሮይለር ሥጋ ረጅም ሰዓት ወጥ ውስጥ ሲቆይ ከአጥንቱ ይለቃል፣ ይበታተናል። ይሄኛው ቅርጹን ጠብቆ ቅመሙን ጠጥቶ ወጣ። እትዬ አንድ ቅልጥም በእንጀራ ጠቅልለው አጎረሱኝና «ይኼ እኮ ዶሮ ነው» አሉ። ጋሼ ምንም አላሉም። ሁለተኛ እንጀራ ቆረሱ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ እንደገና ጫጩት ገዙ። አሁን 50 ሳሶ ነው፤ ከማስፈልፈያ በቀጥታ፣ የዘሩ ስምና የተፈለፈለበት ቀን ደረሰኙ ላይ ተጽፎ። የራሳቸው ሚዛንም ገዝተዋል። በገዙበት ዕለት ማታ አጭር መልእክት ደረሰኝ፦ «10 ጫጩት፣ 410 ግራም። ቀን 1። በ7ኛው ቀን መዝኜ እደውላለሁ።»